ከባይፓስ ቀዶ ሕክምና በፊት የመተንፈሻ ጡንቻን ማለማመድ፦ ለአባትዎ አዎ፣ ለእህትዎ ልጅ ገና

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የ66 ዓመት አባት ሦስት የልብ ደም ሥሮቻቸው ጠበው በመገኘታቸው ከአራት ሳምንት በኋላ ሕንድ አገር ሄደው የባይፓስ ቀዶ ሕክምና (በጠበበው የልብ ደም ሥር ፈንታ ደሙ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ የሚሠራበት) እንዲደረግላቸው ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ለረጅም ዓመታት ያጨሱትን ሲጋራ ካቆሙ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት አክታ አያጣቸውም። አሜሪካ የሚኖሩ እህታቸው ሦስት ኳሶች ያሉበት የመተንፈሻ መሣሪያ ልከዋል፤ ጎረቤት ደግሞ ፊኛ ይንፉ ብሎ መክሯል። ልጃቸው የጠየቁት፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ትንፋሽን ማጠናከር እውነት ይጠቅም እንደሆነ፣ የትኛው መሣሪያ ትክክለኛ እንደሆነ፣ እንዲሁም የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ወረፋ የምትጠብቀው የ17 ዓመት የእህታቸው ልጅ ከአባታቸው ጋር አብራ ብትለማመድ ችግር ይኖረው እንደሆነ ነው።

የልብ ሐኪማቸው ሕመማቸው የተረጋጋ መሆኑን ካረጋገጠ፣ አባትዎ ከዚህ ልምምድ በጣም ይጠቀማሉ ተብለው ከሚታሰቡት ሰዎች መካከል ናቸው። ሆኖም ጥናቶቹ ጠቃሚነቱን ያሳዩት ልምምድ በኳሶቹም ሆነ በፊኛው የሚሠራው አይደለም። የእህትዎን ልጅ ጉዳይ ለብቻው አየዋለሁ፤ የእሷ ልብ የታመመበት መንገድ ከአባትዎ የተለየ ስለሆነ መልሱም ይለያል።

ሳንባ በራሱ ኃይል አየር አይስብም። የሚስበው በደረትና በሆድ መካከል የተዘረጋው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ሲሆን፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ያግዙታል። የባይፓስ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ይህንን ሥርዓት በአንድ ቀን ውስጥ ከብዙ አቅጣጫ ያዳክመዋል። ፍርምባው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፤ ሙሉ ማደንዘዣው ብቻውን፣ ትንፋሽ ካወጣን በኋላ ሳንባ ውስጥ የሚቀረውን አየር ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል፤ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን በሚሠራበት ጊዜ ሳንባዎቹ በአብዛኛው ሳይነፉ ይቆያሉ። ለመተኪያነት የሚፈለገው የደም ሥር ከግራ የደረት ግድግዳ ውስጠኛ ገጽ ሲላቀቅ የሳንባው ሽፋን ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ድያፍራምን የሚያዝዘው ፍሬኒክ ነርቭም በልብ ከረጢት ጎንና ጎን ስለሚወርድ፣ ልብን ለማቀዝቀዝ በሚውለው በረዶ ወይም በመነካካት ለጊዜው ሊደነዝዝ ይችላል።

በሽተኛው ሲነቃ ቁስሉ ስለሚያመው ትንፋሹን ያሳጥራል፤ ለመሳልም ይፈራል። የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር ሳይደርሰው ሲቀር የአየር ከረጢቶቹ ይሟሽሻሉ፤ አክታው እዚያው ይጠራቀማል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን አካባቢ ትኩሳት፣ የኦክሲጅን መውረድና የሳንባ ምች ሊከተሉ ይችላሉ። ልቡ በሚገባ የተጠገነለት ሰው በሳንባው ምክንያት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የሚከርመው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። አክታ ያላቸው፣ ሲጋራ ያጨሱና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ለዚህ የበለጠ ይጋለጣሉ፤ አባትዎ ደግሞ ሦስቱም አሉባቸው።

ልምምዱ ቀዶ ሕክምናው የሚያደርሰውን ድካም አያስቀርም፤ ሰውየው ከፍ ካለ ቦታ እንዲነሳ ያደርገዋል እንጂ። ለምሳሌ ያህል፣ በሙሉ ኃይሉ አየር ሲስብ 50 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት (የመሳብ ኃይል የሚለካበት መለኪያ ነው) የሚፈጥር ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግማሹን ቢያጣ 25 ይቀረዋል። በልምምድ ወደ 70 ከፍ ብሎ የገባ ሰው ያንኑ ያህል ድርሻ ቢያጣ 35 ይቀረዋል። በጥልቀት ለመተንፈስና አክታን በሳል ለማውጣት፣ በ25 እና በ35 መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ድያፍራም ሥራ ሲፈታ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚከሳም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከ18 እስከ 69 ሰዓታት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ቆይተው ድያፍራማቸው ሙሉ በሙሉ ሥራ በፈታ ሰዎች ላይ የጡንቻው ክሮች ከግማሽ በላይ ቀጥነው እንደተገኙ አሳይቷል። የተጠኑት አንጎላቸው መሞቱ የተረጋገጠ የአካል ለጋሾች ስለነበሩ፣ ከባይፓስ በኋላ ጥቂት ሰዓታት ብቻ በማሽን ላይ ለሚቆይ ሰው ግኝቱ በቀጥታ አይሠራም፤ ከማሽኑ ሳይላቀቅ ለሚዘገይ ሰው ግን ቀድሞ የተጠራቀመ አቅም ለምን ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ የበለጠ የሚጠቀሰው በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ነው። ለሳንባ ችግር በጣም የተጋለጡ ናቸው ተብለው የተለዩ 279 የባይፓስ ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ለ20 ደቂቃ የመሳቢያ ጡንቻዎቹን ተለማመደ፤ ስድስቱን ቀን ለብቻው በቤቱ፣ አንዱን ቀን ደግሞ በባለሙያ ፊት። ሌላኛው ቡድን የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሳንባ ችግር የገጠማቸው ከተለማመዱት 18 በመቶ፣ ካልተለማመዱት ደግሞ 35 በመቶ ነበሩ። የሳንባ ምች የያዛቸው 6.5 በመቶ ከ16.1 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ መካከለኛው የሆስፒታል ቆይታም ከ8 ቀን ወደ 7 ወርዷል። ከዚያ ወዲህ በልብና በትልልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ የተሠሩ ትናንሽ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘኑ ግምገማዎችም በአመዛኙ ወደዚያው ያመለክታሉ፤ ይሁንና ብዙዎቹ ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያካተቱ በመሆናቸው ውጤታቸውን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገሮች ግን ሳይነሱ መታለፍ የለባቸውም። የዩትሬክቱ ቡድን የተሰጠው ጫና ያለው ልምምድ ብቻ አልነበረም፤ አክታን እንዴት እንደሚያወጡም ተምረዋል፣ እርስዎ ዘንድ የደረሰውን የመሰለ መሣሪያም ተጠቅመዋል። ስለዚህ ከጥቅሙ ውስጥ ምን ያህሉ የጡንቻው፣ ምን ያህሉ የትምህርቱ እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ በእኔ ግምት ሁለቱንም አብሮ መሥራት ነው የሚሻለው። ሁለተኛው፣ ልምምዱ የሞትን አደጋ ይቀንሳል የሚል ማረጋገጫ ከዚህ ጥናት አይገኝም። የሚቀንሰው የሳንባ ችግርን ነው፤ በኢንተርኔት ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ሻጭ ቢያጋጥምዎት አይመኑት።

አሁን ወደ መሣሪያው ልመለስ። ሦስት ኳሶች ያሉት መሣሪያ የተሠራው ሰው በዝግታና በጥልቀት እንዲስብ በዓይኑ እያየ እንዲበረታታ ነው። አየሩን የሚከለክል ይህ ነው የሚባል ጫና ስለሌለው ጡንቻን አያጠነክርም። አይጣሉት፤ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ በጥልቀት እንዲተነፍሱ ያስታውሳቸዋልና ሻንጣቸው ውስጥ ይግባ፤ ከአሁኑም አጠቃቀሙን ይልመዱት። ፊኛው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሠራ ነገር ነው፤ የሚያለማምደው ማስወጫ ጡንቻዎችን ሲሆን፣ ትንፋሽን አምቆ በኃይል መግፋትም የደረትን ውስጣዊ ግፊት ስለሚጨምርና የደም ግፊትን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ የልብ ደም ሥራቸው ለጠበበ ሰው አልመክረውም። መታጠንም ያው ነው፤ አክታን ሊያላላ ይችል ይሆናል እንጂ ጡንቻን አያጠነክርም።

የሚያስፈልገው፣ አፍ ላይ የሚያዝ፣ ውስጡ በስፕሪንግ የተያዘ ቫልቭ ያለው ትንሽ ቱቦ ነው። ቫልቩ የሚከፈተው ሰውየው የተመደበውን ግፊት ያህል ሲስብ ብቻ ነው፤ ስፕሪንጉን በማጥበቅ ጫናው ይጨመራል። በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ትሬሾልድ አይ.ኤም.ቲ. የሚባለው ሲሆን ከ9 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት ድረስ ይስተካከላል። መግዛት ከፈለጉ ለሻጩ «ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚከላከል፣ በቁጥር የሚስተካከል» ብለው ይንገሩት፤ ወደ ውጭ ሲነፋ ብቻ የሚከላከል፣ በመልክ የሚመስለው ሌላ ዓይነት ስላለ ይጠንቀቁ። አንድ መሣሪያ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሌላ የቤተሰብ አባል ጋር አይጋሩበትም።

ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው ሰውየው በሙሉ ኃይሉ ሲስብ የሚፈጥረውን ግፊት ይለካል፤ መነሻ ጫናውም የዚያ 30 በመቶ ይሆናል። የተለካው 60 ከሆነ ከ18 ይጀመራል ማለት ነው። ሰውየው ከዜሮ እስከ አሥር ባለው የድካም መለኪያ ልምምዱን ከአምስት በታች ብሎ ሲገምት ጫናው በ5 በመቶ ይጨመራል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ካለ ባለበት ይቆያል። ግፊቱን የሚለካ መሣሪያ በየቦታው ስለማይገኝ፣ ያ ከታጣ ከዝቅተኛው ጫና ጀምሮ በዚሁ የድካም መለኪያ ብቻ እየተመሩ መሄድ ይቻላል። ቀስ ይላል እንጂ አይከፋም።

አሠራሩን ዘርዘር ላድርገው፤ በቤት ውስጥ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። አባትዎ ጀርባቸውን አቅንተው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያሳልፉ፤ አፍንጫቸው በመቆንጠጫ ይያዝ፤ ከንፈራቸው በቱቦው ዙሪያ በደንብ ይገጠም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው አያውልቁት፤ ካወለቁት አየር ያመልጣል። መጀመሪያ ቀስ ብለው ትንፋሻቸውን ያውጡ፤ ከዚያ ፈጠን አድርገው በጥልቀት ይሳቡ። ቫልቩ ሲከፈት አየሩ ሲያፏጭ ይሰማል፤ ድምፁ እስከ ትንፋሹ መጨረሻ ድረስ ከቀጠለ ጫናው ልክ ነው። ፉጨቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ወይም ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ እየሳቡ ያሉት በአፋቸው እንጂ በድያፍራማቸው አይደለም፤ ጫናውን ይቀንሱላቸው። ትከሻቸው ሽቅብ ሲነሳ ካዩም ያው ነው። አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ያድርጉ፤ ሲስቡ እጁ ወደ ፊት መገፋት አለበት። ከዚያ ያለ ምንም ግፊት፣ ሳይቸኩሉ ትንፋሻቸውን ይልቀቁ።

የየቀኑን ሃያ ደቂቃ ሳያርፉ መጨረስ ግድ አይደለም፤ አምስት ደቂቃ ሠርቶ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ እያረፉ መሙላት ይቻላል። የማዞር ስሜት ወይም የጣትና የከንፈር መደንዘዝ ከመጣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እየተጣደፉ መተንፈስ ነው፤ ቱቦውን ከአፋቸው አውጥተው እስኪያልፍላቸው ይቀመጡ፤ ሲመለሱ ዝግ ይበሉ። የደረት ሕመም ወይም መጨምደድ፣ የልብ ትርታ መዘበራረቅ፣ ከልምምዱ በኋላ ቶሎ የማይለቅ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ልምምዱ ይቁም፣ ሐኪሙም ያዘዘላቸው ከምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን ካለ በታዘዘው መሠረት ይውሰዱ። ሕመሙ ካልተወ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ እንጂ እስከ ቀጠሯቸው ቀን አይጠብቁ።

ከዚሁ ጎን ለጎን የአክታ አወጣጡን ከአሁኑ ይማሩ። መካከለኛ ትንፋሽ ስበው፣ አፋቸውንና ጉሮሯቸውን ከፍተው፣ መስታወት ላይ ጉም ለመፍጠር እንደሚተነፍስ ሰው «ሃ» ብለው በኃይል ያስወጡ፤ ሁለት ሦስቴ ደጋግመው አክታው ወደ ላይ ሲወጣ አንዴ ይሳሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይህንኑ የሚያደርጉት ትራስ ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው፤ ትራሱ የተሰፋውን ፍርምባ ስለሚደግፍ ሕመሙ ይቀንሳል፤ «አጥንቴ ይከፈታል» የሚለውን ፍርሃትም ያስታግሣል። ይህን ከቀዶ ሕክምና በፊት ያልተለማመደ ሰው በማግስቱ፣ መድኃኒቱ አደንዝዞት፣ በማያውቀው ቋንቋ ቢነገረው አይገባውም። ሕንድ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ጠዋቱ አክታ አንድ ነገር ልበል። የቆየ አጫሽ አክታ ቢኖረው አያስገርምም፤ ነገር ግን በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው ሁሉ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። የአክታ ምርመራው፣ በተለይም በጂን ኤክስፐርት የሚደረገው፣ በብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ልምምዱን አይጀምሩ፤ አውሮፕላንም አይሳፈሩ። ቲቢ ከተገኘ ልምምዱ ብቻ ሳይሆን የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮም እንደገና ይታያል።

ልምምዱ ጨርሶ የማይሰጣቸው ሰዎችም አሉ። ሳይንቀሳቀስ የደረት ሕመም የሚነሳበት፣ በቅርቡ የልብ ድካሙ ተባብሶ እግሩ ያበጠ ወይም ተጋድሞ መተኛት ያቃተው፣ የአዎርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር) ቫልቩ በጣም የጠበበ፣ የአዎርታ ግድግዳው ያበጠ፣ ሳንባው ተቀዶ አየር ወደ ደረቱ ውስጥ አፈትልኮ የሚያውቅ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ያለው፣ የጆሮ ታምቡሩ የተቀደደ ሰው ከነዚህ መካከል ናቸው። የአባትዎን የደም ሥር ምርመራ ውጤት የልብ ሐኪማቸው ዘንድ ይዘው ሄደው በተለይ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ከጠበቡት መካከል ዋናው የግራ ግንድ (ለግራው የልብ ክፍል ደም የሚያደርሰው ዋና የደም ሥር) አለበት ወይ? ካለበት ውሳኔው ሙሉ በሙሉ የሐኪሙ ነው፤ በእኔ በኩል ያለ እሱ ፈቃድ አላስጀምርም።

ጾምን በተመለከተ ባይጠይቁም ጥቂት ልበል፤ ብዙ አረጋውያን ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በፊት ጾምና ጸሎት ያጠብቃሉ። ጡንቻ ካልተመገበ በልምምድ ብቻ አይጠነክርም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አኩሪ አተር በየቀኑ በበቂ መጠን ከቀረቡላቸው የጾም ምግብ ራሱ ችግር አይሆንም፤ የሚጎዳው እስከ ከሰዓት ሳይበሉ መቆየቱ ነው፤ የስኳር መድኃኒት ለሚወስዱ ሰው ደግሞ አደጋም አለው። ይህንን ከእርስዎ ይልቅ የነፍስ አባታቸው ቢነግሯቸው ይቀላል።

የቀረው አራት ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ለሐኪሙ ፈቃድ፣ ለአክታ ምርመራና መሣሪያ ለመፈለግ ቢውል ሦስት ሳምንት ይተርፋል፤ በዩትሬክት ዝቅተኛው ሁለት ሳምንት ስለነበር ይበቃል። በየቀኑ የሠሩበትን ጫና፣ የደቂቃውን ብዛትና የድካሙን ቁጥር በደብተር ይጻፉላቸው፤ ደብተሩን ለማደንዘዣ ሐኪሙ ያሳዩት። በሳምንት አንድ ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፊት ይሥሩ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጫና ያለውን መሣሪያ መልሰው የሚይዙት እዚያ ያለው ቡድን ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ የኳሱ መሣሪያ፣ ከአልጋ መውረድና መራመድ ግን ቡድኑ በነገራቸው ሰዓት ያለ መዘግየት ይጀመራሉ።

ወደ እህትዎ ልጅ ልምጣ። በአገራችን በዚህ ዕድሜ የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት አብዛኞቹ፣ በልጅነት ከያዛቸው የጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ በመጣ ሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቫቸው የተበላሸ ልጆች ናቸው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ተመዝግበው ወረፋ የሚጠብቁም አሉ። ከላይ የጠቀስኩት የዩትሬክት ጥናት የተሠራው የደም ሥራቸው በጠበበ ሰዎች ላይ ነው፤ ውጤቱን አንሥቶ ለእነዚህ ልጆች መስጠት አይቻልም። የጠበበው ሚትራል የተባለው ቫልቭ ከሆነ ከሳንባ የመጣው ደም በዚህ ቫልቭ በኩል ወደ ግራው የታችኛው የልብ ክፍል የሚያልፈው ልብ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው። የልብ ምት ሲፈጥን ያቺ ቅጽበት ታጥራለች፤ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ልጅቷ ትታፈናለች። እንግዲህ ልብን የሚያፈጥን ማንኛውም ልምምድ፣ የመተንፈሻውንም ጨምሮ፣ ቫልቩ ምን ያህል እንደጠበበና የሳንባ የደም ግፊቷ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ በቤት ውስጥ መጀመር የለበትም።

አብራ መሥራት ከፈለገች ያለ ጫና በዝግታ በሆድ መተንፈስን፣ የ«ሃ»ውን ትንፋሽና ትራስ አቅፎ መሳልን ከአያቷ ጋር መማር ትችላለች፤ ይህ ለቀዶ ሕክምናዋ ይጠቅማታል። በወረፋው ጊዜ ሊቋረጥ የማይገባው የፔኒሲሊን መርፌዋ ነው፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ሐኪሟ ባዘዘው ቀን መወጋት አለባት። የተበላሸ ጥርስ ካላትም ከአሁኑ ይታከም፤ ከጥርስ የሚነሣ ኢንፌክሽን አዲሱን ቫልቭ ሊያጠቃው ይችላል። የመጨረሻውን የልብ አልትራሳውንድ ውጤቷን ይዘው ከልብ ሐኪሟ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ፣ ጫና ያለው ልምምድ ለእሷ የሚፈቀድበት ሁኔታ ካለ መጀመር ያለባት በሆስፒታል ውስጥ፣ የልብ ምቷና ኦክሲጅኗ እየታየ ነው።